ፎርድ፣ ራም ወይስ ሸቭሮሌ? ያገለገለ ከባድ ፒክ አፕ ለሚገዛ ሰው

አሜሪካ ውስጥ «የትኛው ከባድ ፒክ አፕ ይሻላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው። የፎርዱ ሰው ፎርድ ይላችኋል። የራሙ ሰው የናፍጣ ሞተሩን ስም ጠርቶ «ከሚንስ ካልሆነ ተወው» ይላል። የሸቭሮሌው ደግሞ አሊሰን ካምቢዮን ሳይጠራ አይውልም። ሁሉም የሚሉት እውነት አለው። ግን እያንዳንዳቸው የማያነሱት ዓመት አለ፤ ገንዘባችሁ የሚቀልጠውም እዚያ ዓመት ላይ ነው።

የማወራው ስለ ፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350፣ ስለ ራም 2500 እና 3500፣ ስለ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 2500 እና 3500 ነው። ጂኤምሲ ሲየራ በሞተርም በካምቢዮም ከሲልቨራዶ ጋር አንድ ስለሆነ ለብቻው አላነሳውም። ሆትሾት የሚሉትን፣ በፒክ አፕና በተሳቢ ጭነት የማድረስ ሥራ የሚጀምሩ፣ የግንባታ ሥራ ያላቸው፣ መኪና በተሳቢ የሚያመላልሱ ወገኖቻችን መጨረሻቸው ከእነዚህ አንዱ ነው። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ብዙው ሰው ያገለገለ ነው የሚገዛው። ያገለገለ ሲገዛ ደግሞ ስሙ ወደ ኋላ ይቆያል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዓመቱ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ነው።

መጀመሪያ ናፍጣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

በሳምንት አብዛኛውን ቀን ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ የምትጎትቱ ከሆነ፣ በተለይ ረጅም መንገድና ዳገት ካለበት፣ ናፍጣ ይገባችኋል። በከተማ ውስጥ ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ የምትመላለሱ ከሆነ ግን ናፍጣ ኪሳችሁን ያራቁታል። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ከሞተሩ በኋላ ያለው ዕቃ ነው።

ከ2007 አጋማሽ ወዲህ የወጡት ናፍጣዎች የጭስ መውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ዲ ፒ ኤፍ ይባላል። ሲሞላ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ሪጀን የሚሉት ይህን ነው። ሪጀን እንዲጨርስ ሞተሩ ሞቆ ጥሩ መንገድ መሄድ አለበት። አሥር ደቂቃ ነድታችሁ የምታጠፉት ከሆነ ሥራው በየቀኑ ይቋረጣል። ከዚያ ማጣሪያው ይደፈናል፣ የጭስ መመለሻው ይቆሽሻል፣ ቱርቦው በጥላሸት ይያዛል። ከ2011 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት ደግሞ ሦስቱም የዩሪያ ፈሳሽ ጨመሩበት። አዎ፣ ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ በንጹህ ውኃ ተበጥብጦ ጭሱ ላይ ይረጫል። ፓምፑ፣ ማሞቂያውና ሴንሰሮቹ ዕድሜያቸው የሞተሩን ያህል አይደለም።

ስለዚህ ለከተማ ሥራ ቤንዚን አትናቁ። ፎርድ በ2020 ያወጣው 7.3 ቪ8 በአሮጌው ዘዴ፣ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ሆኖ የተሠራ ቀላል ሞተር ነው። የሸቭሮሌው 6.0 እስከ 2019 ተሽጧል። ነዳጅ ይጠጣል፣ ጉልበቱም ያን ያህል አያስደንቅም። ግን ማንም መካኒክ ያውቀዋል፣ መለዋወጫውም ርካሽ ነው። የራም 6.4 ሄሚ ጉልበት አለው፤ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ሰዓታት የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ቫልቮቹን የሚገፉት ሊፍተሮች ይበላሉ፣ ካምሻፍቱንም ይዘውት ይሄዳሉ። ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማና ሲሞቅ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ የጭስ ማኒፎልድ ቡሎን ነው። ሞቆም ካልጠፋ እዚያው ትታችሁት ሂዱ።

ፎርድ፦ ሁለት መጥፎ ሞተር፣ ሁለት ጥሩ ሞተር

ከ1994 እስከ 2003 የነበረው የፎርድ ናፍጣ ሞተር፣ 7.3 ፓወር ስትሮክ፣ ስሙን ያተረፈው በሥራው ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ይጮኻል፣ ግን አይሞትም። የካምሻፍት ሴንሰሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚሄድ ባለቤቶቹ ትርፍ ሴንሰር ኪስ ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት። አሁን ችግሩ እርጅና ነው። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሻንሲው በዝገት ያለቀ ብዙ አለ።

ቀጥሎ የመጣው 6.0 ነው፤ ከ2003 እስከ 2007። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ዛሬም በርካሽ ዋጋ ወጥቶ ሰው ያማልላል። የሞተሩ ዘይት ማቀዝቀዣ ጠባብ መተላለፊያ አለው። የማቀዝቀዣው ውኃ ቆሻሻ ሲይዝ እዚያ ይደፈናል። ከዚያ የሚያልፈው ውኃ ወደ ጭስ ማቀዝቀዣው ይሄድ ነበርና እሱ ውኃ ያጥረዋል፣ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ውኃው ወደ ሞተሩ ይገባና እንፋሎት ይሆናል። ግፊቱ ቴስታታውን ያነሳዋል። ቴስታታውን የያዙት ደግሞ በየሲሊንደሩ ዙሪያ አራት ቡሎን ብቻ ናቸው። ጓርኒሲዮኑ በዚህ ይሄዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን የሚሠራው ካቢናውን ከሻንሲው አንስቶ ነው። የሰዓት ክፍያውን አስቡት! ሞተሩን ለፎርድ ይሠራ የነበረው ናቪስታር ነው፤ በዋስትና ወጪ የተነሳ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2007 ፍርድ ቤት ደረሱ።

ተተኪው 6.4 ከ2008 እስከ 2010 ብቻ ቆየ። ለሪጀን የሚሆነውን ናፍጣ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጨው ከፊሉ በግድግዳው ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘይቱ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። ራዲያተሩ ያፈሳል፣ ፒስተኑም ይሰነጠቃል። በነፃ ቢሰጧችሁ አስቡበት።

በ2011 ፎርድ ራሱ 6.7ን ሠራ፤ ታሪኩም ተገለበጠ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቱርቦ ደካማ ነበር። በ2015 በትልቅ ተተካ። ከ2017 ወዲህ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ጨው የሚረጭበት አገር ላለ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነውና ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እስከ 2019 የነበረው ባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ ጠንካራ ነው። በኔ ግምት ከ2017 እስከ 2019 ያለው 6.7 ፎርድ ከሠራቸው ሁሉ ለያገለገለ ገዢ የሚሻለው ነው። አንድ ነገር ሲቀር፤ እሱም ፖምፓው ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

ራም፦ ሞተሩ ሌላ፣ ቀሪው ሌላ

ከሚንስ የጭነት መኪና ሞተር ሠሪ ነው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ብረቱ ወፍራም፣ ሰባት ዋና ኩሽኔታ። 5.9 እስከ 2007፣ ከዚያ ወዲህ 6.7። የአራት መቶ ሺህ ማይል ከሚንስ ማየት ብርቅ አይደለም። የራም ጣጣ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ነው።

ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 ያለው 5.9 ላይ ናፍጣ አቅራቢው ትንሹ ፓምፕ ሲደክም ትልቁን ፖምፓ ይገድለዋል። ከ2003 እስከ 2007 ያለው 5.9 ብዙዎች የሚፈልጉት ነው፤ ማጣሪያም ዩሪያም የለበትም። 6.7 ላይ ደግሞ አየር ማሞቂያው ውስጥ ያለ አንድ ቡሎን በሙቀት ብዛት ይላላል፣ ይበላል፣ ወድቆም ወደ ሲሊንደር ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ስድስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው የሚያርፈው። ያች ትንሽ ቡሎን ሙሉ ሞተር አስወጥታለች። አስቀድሞ የሚቀየርበት ዕቃ ገበያ ላይ ስላለ ሻጩ ቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ።

ካምቢዮው ላይ ተጠንቀቁ። 2500 ላይ ያለው 68 አር ኤፍ ኢ የሚባለው አውቶማቲክ ከከሚንስ ጉልበት ጋር እኩል አይሄድም፤ በተለይ ኮምፒዩተሩ ተነካክቶ ጉልበት የተጨመረለት ከሆነ። ከ2013 ጀምሮ 3500 ላይ በምርጫ የመጣው አይሲን የጃፓን ሥራ ነው። ማርሽ ሲቀይር ሸካራ ነው፤ ጭነት ግን ይችላል። ለሆትሾት 3500 የምትፈልጉ ከሆነ አይሲን መሆኑን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ማንዋል የለመደ ሰው ደግሞ እስከ 2018 ድረስ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ያገኛል። ከሦስቱ እስከዚያ ድረስ ማንዋልን ያልተወው ራም ብቻ ነው።

የራም ባለቤቶች የማይወዱት ሌላ ታሪክም አለ። ከ2013 እስከ 2019 ያሉት 630 ሺህ ገደማ ራም ናፍጣዎች የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር ነበረባቸው ተብሎ ከሚንስ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ስምምነቱ ይፋ የሆነው በ2023 መጨረሻ ነው። ለገዢ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ የሶፍትዌር ጥገናው ተሠርቶለት እንደሆነ ዲለር ጋ ደውሎ መጠየቅ።

ሸቭሮሌ፦ የአይሱዙ ዘመድ

አይሱዙን የማያውቅ አበሻ የለም። የሸቭሮሌን ናፍጣ ሞተር፣ ዱራማክስን፣ የሸቭሮሌ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ያመጣው ከአይሱዙ ጋር ሆኖ ነው፤ በ2001 ሞዴል ኦሃዮ ውስጥ በጋራ ፋብሪካ ተጀመረ። ከኋላው ያስቀመጡት አሊሰን 1000 ካምቢዮ ለከባድ ሥራ የታሰበ ነው። ይህ ጥምረት ነው ስሙን ያቆመው።

የመጀመሪያው፣ ኤል ቢ 7 የሚባለው፣ እስከ 2004 ድረስ ኢንጀክተሮቹ ያፈሱ ነበር። የተቀመጡት ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ስለሆነ ጉልበቱ ዋጋ ያስወጣል። ኩባንያው የኢንጀክተሩን ዋስትና እስከ ሰባት ዓመትና 200 ሺህ ማይል አራዝሞ ነበር፤ ችግሩ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ገምቱ። የ2006 እና የ2007 መጀመሪያ ኤል ቢ ዜድ ግን ተፈላጊ ነው፤ ማጣሪያ የለበትም፣ ካምቢዮውም ስድስት ማርሽ ሆኗል። የ2006 ሞዴል ላይ አሮጌውም አዲሱም ሞተር ስላለ የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ ቪን የሚሉትን፣ ስምንተኛ ቦታ እዩ። «2» ከሆነ አሮጌው ነው። «ዲ» ፊደል ከሆነ የምትፈልጉት ነው።

ከ2011 እስከ 2016 ኤል ኤም ኤል መጣ። ጥሩ ሞተር፣ መጥፎ ፖምፓ። በ2017 የመጣው ኤል 5 ፒ ፖምፓውን በዴንሶ ቀየረ። ከ2017 እስከ 2019 ያለው ዴንሶ ፖምፓና ባለ ስድስት ማርሽ አሊሰን አንድ ላይ ይዟል። ከ2020 ወዲህ ካምቢዮው አሥር ማርሽ ነው።

ፖምፓው

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያድናል። ቦሽ የሚሠራው ሲ ፒ 4 የሚባል የናፍጣ ፖምፓ አለ። ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል። ማለስለሻው ዘይት አይደለም፤ ራሱ የሚያልፈው ናፍጣ ነው። የአሜሪካ ናፍጣ ደግሞ ሰልፈሩ በጣም የተቀነሰ ስለሆነ ልስላሴው ያንሳል። ውኃ ወይም አየር ሲቀላቀልበት ይብሳል። ውስጡ ያለችው ተንከባላይ ብረት (ሮለር) ከመስመሯ ስትወጣ ብረት ከብረት ይፋጫል። የሚወጣው ብናኝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል፣ በመመለሻው በኩልም ወደ ታንከሩ ይገባል። ፖምፓውን ብቻ መቀየር አይበቃም። ፖምፓ፣ ኢንጀክተር፣ ቱቦ፣ ታንከር ማጠብ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ሂሳቡ አሥር ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል።

ይህ ፖምፓ ያለው ሸቭሮሌ ከ2011 እስከ 2016፣ ፎርድ ከ2011 ወዲህ፣ ራም ደግሞ 2019 እና 2020 ላይ ነው። ራም በ2021 ወደ ድሮው ሲ ፒ 3 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ከ220 ሺህ በላይ መኪና ለጥገና ጠራ። ስለዚህ የ2019 ወይም የ2020 ራም ካገኛችሁ የቪን ቁጥሩን የአሜሪካ የመንገድ ትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ጥሪው ተሠርቶ ከሆነ ስጋቱ ወርዷል።

ፎርድና ኤል ኤም ኤል ላይ መካኒኩ የሚያየው አንድ ቦታ አለ። ፖምፓው አናት ላይ የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ሲነቀል ጫፉ ላይ ትንሽ ወንፊት አለ። በነጭ ጨርቅ ያብሰዋል። ጨርቁ ንጹህ ከወጣ ጥሩ። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ግብይቱ አበቃ። ሻጩ «ይህን አላስነካም» ካለም መልሱን ሰጥቷችኋል። ገዝታችሁም ከሆነ ኤል ኤም ኤል ላይ በሲ ፒ 3 ማስቀየር ይቻላል። ለፎርድ ደግሞ ፖምፓው ቢሞት ብናኙ ወደ ኢንጀክተር እንዳያልፍ የሚያዞር መከላከያ ይሸጣል። ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ስለሚገኝ ስስት አያስፈልገውም። የናፍጣ ፊልትሮውንም በሰዓቱ መቀየር፣ ውኃውን ማፍሰስ። ይህን የማያደርግ ሰው ፎርድ ናፍጣ አይግዛ።

የማይል ቆጣሪው ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ

ብዙ ገዢ ማይሉን አይቶ ይደሰታል። የሥራ መኪና ላይ ግን ሰዓቱ ይበልጣል። ዳሽቦርዱ ሜኑ ውስጥ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት አለ፤ ፎርድ ላይ በሚኒሞ የቆመበት ሰዓትም ለብቻው ይወጣል። ማይሉን ለሰዓቱ አካፍሉት። 120 ሺህ ማይል በ3 ሺህ ሰዓት ከሆነ በአማካይ 40 ማይል በሰዓት ሄዷል፤ የአውራ ጎዳና መኪና ነው። ያው 120 ሺህ ማይል በ6 ሺህ ሰዓት ከሆነ 20 ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን ቆሞ ሲንተከተክ ኖሯል። ዲ ፒ ኤፉም ቱርቦውም የዚያን ያህል አርጅተዋል። በዚህ ስሌት 200 ሺህ ማይል የሄደ የመንገድ መኪና 120 ሺህ ከሄደ የግንባታ ቦታ መኪና ሊሻል ይችላል።

ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት «ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደብቀው የማስነሳት ችግር ሊኖር ይችላል። ቀዝቅዞ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ የሚወጣ ቀላል ጭስ ችግር የለውም። ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ግን ወይ ኢንጀክተር ወይ ውኃ ነው። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ የሚወጣውን ንፋስ እዩ። በኃይል የሚነፋ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻዎች ደክመዋል።

ከፊት ያለው ነገር በሦስቱ ይለያያል። በአራቱም ጎማ የሚነዱት ፎርድና ራም ላይ የፊት አክሰሉ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ጠንካራ ነው። ግን መጋጠሚያዎቹ ሲላሉ መሪው በድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አውራ ጎዳና ላይ ያጋጠመው ሰው አይረሳውም። ሸቭሮሌ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻ ይንሳፈፋሉ። አነዳዱ ይመቻል፤ የመሪው ዘንጎች ግን ቶሎ ይበላሉ።

ዝገት ደግሞ የአገሩ ጉዳይ ነው። ሚኒሶታና ኦሃዮ ያላችሁ በክረምት የሚረጨውን ጨው ታውቁታላችሁ። ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ ያለ ዘመድ ካላችሁ እዚያ እንዲያይላችሁ ማድረግ የአውሮፕላን ቲኬቱን ያካክሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ዲሊት ተደርጓል» የሚባል መኪና በርካሽ ይመጣል። ዲ ፒ ኤፉም የዩሪያው ዕቃም ተነቅሏል ማለት ነው። ሻጩ እንደ ጥቅም ያወራዋል። የፌዴራሉ የአየር ንጽህና ሕግ ግን ይከለክለዋል። ዲለር አይነካውም፣ የጭስ ምርመራ ያለበት ስቴት ላይ አያልፍም፣ የተነቀለውን መመለስ ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ለንግድ ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም።

እኔ ብሆን

ለሆትሾት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚጎትት፣ ከ2013 እስከ 2018 ያለ ራም 3500 ባለ አይሲን እወስዳለሁ። መኪናውና ተሳቢው የሚፈቀድላቸው ክብደት ተደምሮ ከ26 ሺህ ፓውንድ ካለፈና ተሳቢው ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ከሆነ የንግድ መንጃ ፈቃድ (ሲ ዲ ኤል) እንደሚያስፈልግ አትርሱ።

ጎትቶም ለቤተሰብም የሚያገለግል አንድ መኪና ከሆነ የምፈልገው ከ2017 እስከ 2019 ያለው ዱራማክስ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ይገባዋልም። በተመሳሳይ ዓመት ፎርድ በጥሩ ዋጋ ካገኘሁ፣ ወንፊቱ ንጹህ ከሆነና መከላከያውን ካስገባሁ፣ ቅር አይለኝም። ለጣሪያ ሠሪ፣ ለቧንቧ ሠሪ፣ በቀን ሃያ ማይል ለሚሄድ ሰው ደግሞ የሸቭሮሌው 6.0 ቤንዚን ከሁሉም ናፍጣ ይሻላል። በዚህ ከወዳጆቼ ጋር እንከራከራለን፤ ናፍጣ ካልጮኸ መኪና የማይመስላቸው አሉ።

«ሠርቼበት በኋላ አገር ቤት ልላከው» የሚሉም አይጠፉም። እዚህ የሚሸጠው ናፍጣ ሰልፈሩ ከ15 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ዲ ፒ ኤፉ የተሠራውም ለዚያ ነው፤ ሰልፈሩ ከዚያ የበዛ ናፍጣ አይስማማውም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኤል 5 ፒ የሚፈታ መካኒክና ዕቃ ደብረ ብርሃን ላይ ከመፈለግ እዚሁ ሸጦ ገንዘቡን መላክ ይሻላል።